መርፌ ጾም አያፈርስም

ካረን «አሁን የገነት ተራ ነው» ስትል ማዕረግ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

ገነት እናቷ ናት። ነርሷ ካረን ዋይት ሴንተር በተባለው ሰፈር ባለችው ትንሽ ክሊኒክ፣ የስኳር ሕመምተኞች ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስተምሩ ሰዎችን ታሠለጥናለች። በእሷ ደንብ አስተማሪው ራሱ በሽታው ያለበት መሆን አለበት። ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ የተገኘችው ገነት ብቻ ነበረች። እንግሊዝኛዋ ስለማይበቃ የዐሥራ አምስት ዓመቷ ማዕረግ ቅዳሜ ቅዳሜ ታስተረጉምላታለች።

ዛሬ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ገነት ታስተምራለች፤ እትዬ ኣብረሀት ተማሪ ይሆናሉ። እሳቸውም ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ገና ሁለት ወራቸው ነው።

አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ገነት በዚህ ሳምንት የሚችሉትን አንድ ነገር እንዲመርጡና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ከዐሥር እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ከዐሥር ዐሥራ አንድ ነኝ፤ ዳቦዬን ካልነካችሁብኝ» አሉ እትዬ ኣብረሀት። ማዕረግ ስትተረጉመው ካረን ሳቀች።

ከዚያ እትዬ ኣብረሀት ቀልዱን ተዉት። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ እሷ ጾሙን እንዴት እንደምትይዘው ጠየቋት።

ገነት ልጇን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። «መርፌ ምግብ አይደለም፤ ጾም አያፈርስም። ጠዋት እወጋለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም።»

ማዕረግ ይህን ለካረን አልተረጎመችም። ያለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ኩሽና ወለል ላይ ነበር ያገኘቻት። ላብ አጥምቋታል፤ ዓይኗ ተገልጧል፤ ግን ልጇን አላወቀቻትም። ማዕረግ ስኳሯ እንደወረደ ገብቷት በጣቷ ማር እያጠቀሰች ጉንጯ ውስጥ ቀባችላት። ገነት ስትነቃ መጀመሪያ ያስማለቻት ለማንም እንዳትናገር ነው። ካረን ከሰማች የማስተማሩን ሥራ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች፤ ሰውም «ለራሷ ያልሆነች» ይላል። ማዕረግም ማለች።

«እሺ፣ ምን አለች?» አለች ካረን፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ኣብረሀት በረጅሙ ተንፍሰው። «እኔማ ዘንድሮ ጾሙ ቀረብኝ ብዬ ነበር።»

እትዬ ኣብረሀት ሬንተን ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ማዕረግ ዝግ በርና ማንም የማያነሳው ስልክ ታያት። ማር የሚቀባላቸው ማን ነው?

ካረን ጥያቄዋን ደገመች። ማዕረግ ወደ እሷ አልዞረችም።

«እትዬ ኣብረሀት» አለች። «እንደዚያ እንዳያደርጉ። ዓርብ ዕለት እማዬ መርፌዋን ወግታ ጾማ፣ ወለል ላይ ወድቃ ነው ያገኘኋት።»

እትዬ ኣብረሀት ቀስ ብለው ወደ ገነት ዞሩ። «እውነት ነው?»

ገነት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ማዕረግ አሁን ትጮህብኛለች ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች።

ካረን ግራ ተጋብታ ሦስቱንም አየቻቸው።

«ንገሪያት» አለች ገነት፣ ልጇን ሳታይ።

«ሁሉንም?»

ገነት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ማዕረግ ወደ ካረን ዞረችና የዓርቡን ነገር በእንግሊዝኛ መንገር ጀመረች።