የአንድ ቀን መንገድ

የምሠራው አየር ማረፊያ ውስጥ፣ የጠፋ ሻንጣ የሚጠየቅበት መስኮት ላይ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ሻንጣው ጠፍቶም እየሳቀ መጣ።

የመጋዘን ማቀዝቀዣ ሊገጥም ለጥቂት ወራት ከሩቅ አገር የመጣ ባለሙያ ነው። ሁለት ቀን ተመላልሶ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣው ተገኘና ወሰደው። በማግስቱ ደግሞ መስኮቴ ላይ ቆሟል።

«ሻንጣህን ወስደሃል እኮ» አልኩት።

«እሱንማ ወስጃለሁ» አለ እየሳቀ፤ ከመስኮቱ ግን አልሄደም። እኔም ሂድ አላልኩትም። ወደድኩት፤ ምን ይደበቃል።

ችግሩ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶብስ ነድቷል። የመጨረሻው ተሳፋሪ ከነጓዙ ሳይወርድ ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ለእኔም ሕግ አውጥቶልኛል፦ «ልጄን ከአንድ ቀን መንገድ በላይ አልድርም። ብትታመም ጠዋት ተነስቼ ማታ መድረስ አለብኝ።»

አክስቴ መላ አታጣም። የበረራውን ሰዓት ከስልኬ ላይ አሳየችው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነስቶ ጠዋት አምስት ሰዓት ይገባል ይላል።

«ሁለት ሰዓት? ይሄማ ጎረቤት ነው» አለ አባቴ። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ቆነጠጠችኝ።

እሁድ ልጁ ቤታችን መጣ።

«ለካ አገርህ ቅርብ ነው፤ ሁለት ሰዓት» አለው አባቴ ደስ ብሎት። አክስቴ አሳላት።

ልጁ አየኝ። አዎ ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር።

«አይ አባባ፣ አስር ሰዓት ነው። የመድረሻው ሰዓት በእኛ አገር አቆጣጠር ስለተጻፈ ነው። እኛ ጋ ገና ጠዋት ሲሆን እዚህ መሽቷል።»

አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ።

«አስር ሰዓት» አለ አባቴ በጣቱ እየቆጠረ። «ጠዋት ተነስቶ ማታ መግባት ነው። እኔም ስነዳ የኖርኩት እሱኑ ነው። መንገዱን ሳያሳጥር የነገረኝ ሰው ልጄን ያደርስልኛል።»

«ታዲያ እኔ በከንቱ ነው ያሳለኝ?» አለች አክስቴ።

ተጋባን። የሄድን ዕለት ጠዋት አባቴ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘን። አላለቀሰም፤ ሻንጣዬን ብቻ አንስቶ ክብደቱን ሞከረና መልሶ አስቀመጠው። እኔ ግን አውሮፕላኑ እስኪነሳ አለቀስኩ።

እንደ ደረስን ደወልኩለት። ከጀርባው የበረራ ጥሪ ይሰማል።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ፤ የሸኘኋችሁ ቦታ። ገባችሁ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነህ?»

«ሻንጣሽስ ወረደ?»

«ወረደ አባዬ። ሁሉም ወርዷል።»

«በይ እንግዲህ፣ እኔም ቤቴ ልግባ» አለ።