የቆሮሶዋ ልክ

ኣምለሰት ስለ ፍቅሯ ጃንጥላ ተሳለች ቢባል ማንም አይገረምም ነበር። እሷ ግን የተሳለችው ስለ ዓሣ ነው። «ቅድስት አርሴማ፣ የግድቡን ቆሮሶ አሳድጊልኝና ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ወይዘሮ ኣበራሽ ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር ዓሣ ቤት አላቸው፤ ዓሣው የሚመጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግድብ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያለ የሚከራከር ሁሉ ክርክሩን የሚጨርሰው እሳቸው ቤት ጥብስ አዝዞ ነው። ሔሩይ የሚባለው የቢሾፍቱ ልጅ ደግሞ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው። አንድ ቀን ለምሳ ገብቶ ሳህኑ ላይ ያለችውን ቆሮሶ አየና፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ እኮ ገና ሕፃን ናት!» አለ። ኣበራሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመዱት። ኣምለሰት ግን ሹካውን በሐዘን ሲያስቀምጥ አይታ፣ ለዓሣ እንዲህ የራራ ለሰውማ እንዴት ይሆን ብላ ወደደችው፤ እሱም ወደዳት።

አፍ ያስሸፈነው ወረርሽኝ ሲገባ ዓሣ ቤቱ ተዘጋ፤ አስጋሪዎቹም መረባቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ተቀመጡ። ሔሩይ ሽማግሌ ለመላክ የመረጠው ይህንኑ ጊዜ ነበር። ኣቦይ ተኽለና ጓደኞቻቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ግቢው ውስጥ ተራርቀው ስለተቀመጡ ጉዳዩ በጩኸት ተነገረ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«ይህ ልጅ፣ ግድቡ ይረፍ፣ ዓሣው ካልተነካ ይፋፋል ሲለኝ ኖሯል» አሉ ኣበራሽ። «ይኸው በሽታው አሳረፈው። ሲከፈት ወርጄ በዓይኔ አያለሁ። አድጎ ካገኘሁት ልጄን ይውሰድ። ካላደገ ግን ቃሉም እሱም ውሃ ናቸው!»

«ሕራይ፣ ተስማምተናል» አሉ ኣቦይ ተኽለ።

ኣምለሰት ክረምቱን ለአርሴማ ስለቷን እየደጋገመች አሳለፈችው። ለሔሩይ ስትደውል ደህና ነህ እንኳ አትለውም።

«አደጉ?»

«ገብቼ ልለካቸው እንዴ? ታገሺ እንጂ፣ ኣምለሰተይ።»

ግድቡ ለአስጋሪዎች በተከፈተ ዕለት እናትና ልጅ ከሔሩይ ጋር ወረዱ። ፍሰሃ የተባለው አስጋሪ በጀልባው ገብቶ መረቡን እየጎተተ መጣ። መጀመሪያ የወጡት ጣት ጣት የሚያካክሉ ነበሩ።

«ፋፉ ያልከኝ እነዚህን ነው፣ ወደይ፣ ልጄ?» አሉ ኣበራሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። የኣምለሰት ዓይን እንባ ሞላ።

ፍሰሃ ግን የመረቡን ጫፍ ብቻውን መጎተት አቃተው። ሔሩይ አገዘው። ትሪ የምታህል ቆሮሶ ወጣች።

«ዋይ ኣነ!» የኣበራሽ ነጠላ መሬት ወደቀ። «ያዟት! ሽማግሌዎቹ ይዩዋት!»

ሔሩይ አፏን ከፈት አድርጎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ኣደይ ኣበራሽ፣ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛለች። እስኪጠነክሩ ድረስ ምግብ እንኳ አትቀምስም። ትለቀቅ።»

«አንተ ልጅ፣ ምስክርህ እኮ እሷ ናት! ምን ይዘህ ልትገባ ነው?»

ሔሩይ ኣምለሰትን አያት። እሷም አየችው። ክረምቱን ሙሉ የናፈቀችው ፊት ይኸው ነው። አቅፋ ልትስመውም፣ አንቃ ልትጥለውም እኩል አማራት።

«ልቀቃት» አለችው በመጨረሻ።

ለቀቃት።

ኣበራሽ ለዓሣው ያመጡትን ቅርጫት ባዶውን ተሸክመው ወደ ከተማ ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

«እህ፣ ኣበራሽ፣ አደገ ወይስ አላደገም?» አሉ ኣቦይ ተኽለ።

ኣበራሽ ባዶውን ቅርጫት አስቀመጡ። ኣምለሰት ሔሩይ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«አፏን በልጆቿ ሞልታ፣ እየተራበች አየኋት» አሉ ኣበራሽ ቀስ ብለው። «እኔም እናት ነኝ። ለእሷ የራራ ልጄን አይጥልም።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ በእጆቻቸው መሀል ያለው ቦታ በግ ያስተኛል። «ደግሞ ይህን ታህላለች!»

ሔሩይ እውነት ሲዛነፍ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነውና ጉሮሮውን ጠረገ። «ኣደይ፣ ልክ ለመናገር ያህል፣ እንኳን ይህን...»

ኣምለሰት እግሩን በሙሉ ኃይሏ ረገጠችው። ሽማግሌዎቹም ሊመርቁ ተነሡ።