የሁለት ኢንች ልዩነት

ሰውየው ከጋራዡ ጓሮ፣ ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ደረቱ ተደፍጥጧል፤ የተሰበረ የጎድን አጥንት ሸሚዙን ቀድዶ ወጥቷል። ገዳዩ አንዴ በመኪና ሄዶበት አልበቃ ብሎት፣ ዞሮ መጥቶ ደግሞታል። ነጩ ሸሚዝ ላይ የጎማ ጥርስ በደምና በጭቃ ታትሟል። ሟቹ ለዳገትና ለቋጥኝ ውድድር የመኪና አካል ከጎማው በላይ በኢንች ለክቶ ከፍ በማድረግ ስሙ የወጣ መካኒክ፣ የጋራዡም ባለቤት ነበር። መግደሉስ እሺ፣ ዞሮ መምጣቱ ምን ይባላል? እኔ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሌላ ደም እየፈሰሰ ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም የጋራዡን በያጅ መሬት ላይ ጥሎ በጎማ መፍቻ ይቀጠቅጠዋል። ፖሊሶች ጎትተው ሲያላቅቋቸው የበያጁ ሁለት ጥርሶች ጠጠሩ ላይ ቀሩ።

«ልቀቁኝ! ወንድምጋሼን የበላው እሱ ነው!» አለ ታናሹ።

«በምን አወቅህ?» አለች መርማሪዋ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ወይዘሮ ሜትር» ይሏታል፤ ያልለካችውን አታምንም።

«ሸሚዙን ይዩት እንጂ! የሠላሳ አምስት ኢንች ጎማ ጥርስ ነው። እዚህ ግቢ ያን ጎማ ያሰረችው የእሱ መኪና ብቻ ናት። ቁልፏ ደግሞ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ትናንት ‹በመኪና ነው የምደፈጥጥህ› ሲለው ሁላችንም ሰምተናል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በያጁ በእርግጥ ብሎ ነበር፤ ሟቹ ብየዳውን በሰው ፊት ስላጣጣለበት። አሁን በካቴና ታስሮ ደም ይተፋል።

«በንዴት ነው ያልኩት፣ እትዬ» አለ። «ልጆቼን! ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ መኪናዬ እዚሁ ግቢ ነው ያደረችው።»

ከሚስቱ በቀር ምስክር የለውም። መርማሪዋ ሌላ ነገር ካላገኘች ዕድሜ ልኩን እስር ቤት መማቀቁ ነው፤ ያውም ከግቢው በሕይወት ከወጣ።

የሟችን ሚስት ቢሮው ውስጥ አገኘቻት። ዓይኗ ደርቋል።

«ጠዋት ማን ጠርቶት ወጣ?»

«ማንም። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሱ ነው የሚከፍተው። ሁሉም ያውቃል።»

«ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣላ?»

«ከማን ያልተጣላ አለ? ሰው ጎማ መርጦ ይመጣል፤ እሱ መጀመሪያ መኪናዋን ይለካል። ‹ጫማ የሚመረጠው በእግር ነው› ይል ነበር። አይሆንም ካለ ደግሞ አይሆንም ነው።»

በረንዳው ላይ አንድ ደንበኛ ላቡን ይጠርጋል። መኪናው አራት ኢንች ከፍ ተደርጋለች፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ግን ገና አልመጡላትም። ሥራው ዘገየ ብሎ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር።

«እርስዎ ቋጥኝ ላይ ይነዳሉ?» አለችው።

«እኔ? ከአስፋልት ወርጄ አላውቅም። ሰው ሲያደርግ አይቼ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ!» አለና፣ ሬሳው ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ።

ታናሹ ወንድም ቀይ፣ አጭር መኪናውን ተደግፎ ጠበቃት።

«ያንተስ?» አለችው።

«የእኔ ከፍ ያለችው ሁለት ኢንች ብቻ ነው። የምትችለው ሠላሳ አንድ ጎማ ነው። ሠላሳ አምስት ቢታሰርባት መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ይነካል። ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።»

«እኔ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ» አለች።

ወደ በያጁ መኪና ሄዳ መሪውን እስከ ጥግ አስጠመዘዘች። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጡጫዋን አስገባች፤ እንደ ልብ ገባ። ከዚያ ተንበርክካ የሁለቱንም የፊት ጎማዎች ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ስትነሳ ሁሉንም እዚያው አስጠራች።

«እነዚህ ጎማዎች ጠርዛቸው ተልጧል፤ ልጡም ትኩስ ነው» አለች። «ይህች መኪና አራት ኢንች ከፍ ብላለች፤ መሪዋ እስከ ጥግ ቢዞርም ጎማዋ የሚነካው ነገር የለም። ታዲያ ማን ላጠው?»



«ገዳዩ ቁልፉ ከበያጁ አንገት እንደማይወርድ ያውቃል። መኪናዋን ማስነሳት ስላልቻለ ጎማዎቿን ከነቸርኬያቸው ፈትቶ የራሱ መኪና ላይ አሰረ። ጥርሱ ሸሚዙ ላይ እንዲታተምና ጣጣው በያጁ ላይ እንዲወድቅ ነው። ቀጥ ብሎ ሲነዳ ጎማው ምንም አልነካም። መሞቱን ለማረጋገጥ ሲዞር ግን መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዘ፤ ጎማውም ፓራፋንጎውን ፋቀ። ከዚያ መልሶ የበያጁ መኪና ላይ አሰራቸው።»

ደንበኛው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እርስዎ አይደሉም» አለችው። «የእርስዎም አራት ኢንች ናት፤ አትነካም ነበር። እዚህ ግቢ ሁለት ኢንች የሆነችው አንዲት ናት። ጎማው ጠርዝ ላይ ያገኘሁትም ቀይ ቀለም ነው።»

ፖሊሱ በቀዩዋ መኪና ፓራፋንጎ ውስጥ ባትሪ አበራ። ቀለሙ ተፍቋል፤ በፍቁ ላይ የጥቁር ጎማ ፍርፋሪ ተለጥፏል።

ታናሹ መፍቻውን አንስቶ ወረወረባት። እሷ ጎንበስ ስትል ከኋላዋ የነበረው ፖሊስ ግንባሩ ተተረከከ። ሦስት ሰው ተረባርቦ ታናሹን ጣለው። ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈትተው እሱን አሰሩበት።

«ለባዳ አራት! ለገዛ ወንድሙ ሁለት!» እያለ ጮኸ። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት! በሰው ሁሉ ፊት ‹አንተን ሁለት ይበቃሃል› ብሎ አዋረደኝ!»

የሟች ሚስት ሰዎቹን ገፍታ ከፊቱ ቆመች።

«መኪናህ አጭርና ጠባብ ናት» አለችው። «ከሁለት ካለፈች ተዳፋት ላይ ትገለበጣለች። ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ ሦስቴም ያው ሆነበት። ንገረው ብዬ ብወተውተው ‹ነግሬው ነበር፤ አይሰማኝም። ይጥላኝ እንጂ ወንድሜን አልቀብርም› አለኝ።»

 ታናሹ ጠጠሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ራሱን ይፈጠፍጥ ጀመር። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልያዘውም።