የብልጢት ሳል

ሟቹ የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ አላወለቀም። በስፖንጅ በተለበጠችው ጠባብ የድምፅ መቅጃ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ግንባሩ ያነበው የነበረውን ወረቀት ተጭኖታል። አንድ እጁ የሸሚዙን ኮሌታ ጨምድዷል። መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ አየችው እንጂ አልገባችም። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት በዚህ ጠባይዋ ነው፤ ሌላው ተሯሩጦ የሚገባበትን ቤት እሷ በሩ ላይ ቆማ ትጨርሰዋለች እያሉ ያሟታል።

«አስም ነበረበት» አላት ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትንፋሽ አጥሮት ነው። ፓፉ አጠገቡ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

«ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒት? የታለ ታዲያ?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ፈጥኖ መለሰ። «የእህቱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል። ጠዋት ደግሞ ቤቱን በአንድ እግሩ እስኪያቆሙት ተጣልተዋል። ነገሩ ያለቀ ነው፣ እትዬ።»

«ያለቀ ነገር አይጠፋም» አለች። «ቀስ በል።»

ቤቱ የቪዲዮ ጌም ይሠራበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አስቂኝ ጌም ሲያምጡ ኖረዋል። የቤተ መንግሥቱ ቁልፍ የጠፋበት ጉረኛ ንጉሥ አገር ምድሩን ሌባ ብሎ ሲያስር፣ ብልጢት የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቁልፍ ሠሪ አባቷን ልታስፈታ ትነሣለች። ጉልበት የላትም፤ ያላት ሳል ብቻ ነው። ብስኩት ያነቃት መስላ ታስላለች፣ ዘበኞቹ ደንግጠው ጀርባዋን ሲደልቁ እሷ ከወገባቸው ቁልፉን ትመነትፋለች። ሟቹ ይህን የጻፈው ደራሲ ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። የብልጢትን ድምፅ የምትሰጠው የእህቱ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። ከሁለቱ ሌላ በዚያ ጠዋት ሥራ ላይ የነበሩት ድምፅ ቀጂውና የድርጅቱ ባለቤት ብቻ ነበሩ።

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ በትሕትና ተቀበላት።

«ጋሼ የይሉኝታ ሰው ነበር» አለ። «እግሩን የረገጡትን ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ከልጅቷ ጋር ግን ተጯጯሁ።»

«በምን?»

«በብልጢት። መጨረሻውን ቀየርነው። አባቷን ራሷ በማስፈታት ፈንታ፣ ታለቅሳለች፣ ንጉሡ ይራራና ሁለቱንም ያድናቸዋል። እንዲህ ሲሆን ይበልጥ ያስቃል።»

«ማንን?»

ባለቤቱ ትንሽ አሰበ። «ሰዉን» አለ። «ልጅቷ አንዲት ቃል አላነብም ብላ ወጣች። ጋሼ፣ ሥራው እንዳይቆም፣ ለጊዜው የሷን ቦታ በራሱ ድምፅ ሊያነብ ገባ። እኔ እዚሁ ቢሮዬ ነበርኩ። ማንም አልሰማም።»

ቀጂው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ሰው ነው። ከመቅጃው ክፍል ጎን ባለችው የማዳመጫ ክፍል፣ ከማሽኖቹ ፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል መስታወት አለ፤ መጋረጃው ግን ተዘግቷል።

«ማን ዘጋው?»

«ራሱ ነው። በሴት ልጅ ድምፅ ሲያነብ ሰው እንዲያየው አይፈልግም፤ ያፍራል። መቅጃውን አስነሣሁለትና ወጣሁ። ማንም አልሰማም።»

ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ዓይኗ ደም ለብሷል፣ እንባ ግን የለም። «ወጥቼ ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች። «ማንም አልሰማም።»

መርማሪዋ ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር አትወድም። እውነት በየሰዉ አፍ መልኳን ትቀያይራለች፤ ተማክረው የሸመደዷት ቃል ግን እንደ ማኅተም አንድ ዓይነት ናት።

ወደ ቀጂው ተመልሳ የተቀዳውን እንዲያሰማት አዘዘችው። ጋሼ ሊያነበው የገባው የሳሉ ትዕይንት ነበርና ከጠረጴዛው ላይ ግልባጩን አንስታ በዓይኗ ተከተለች። የጎለመሰ ሰው የሕፃን ሴት ድምፅ ለመምሰል ሲያቀጥን ተሰማ። ቀጥሎ ቲክ ቲክ የሚል ኳኳታ መጣ፣ በር ተከፈተ፣ ወረቀት ተንሿሿ፣ ጋሼ በራሱ ድምፅ «እሺ፣ ይቅርታ» አለ፣ በሩ ተዘጋ። ጥቂት መስመሮች አነበበ። ከዚያ ሳሉ ጀመረ። እጇ ላይ ያለው ወረቀት «ብልጢት ታስላለች» ይላል፤ ጋሼም አሳለ። ሳሉ እንደ ዶሮ ጫጩት ጮኸ፣ ወንበሩ ተንጫጫ፣ ግድግዳው ተደለቀ፣ መርማሪዋም ሳቋ አመለጣት። ጮክ ብላ ሳቀች።

ቀጂው ቀና ብሎ አያት። በፊቱ ላይ ወቀሳ አልነበረም፤ ያየችው ሌላ ነገር ነው፣ የሚያውቀው ሰው ያገኘ ዓይነት አስተያየት። ሳሉ አላቆመም። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ይላል፤ ጋሼ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አሳለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። የሳቀችው በሰው ጣር መሆኑ ሲገባት ፊቷ ነደደ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሁለቴ ደገመችው። በሁለተኛው፣ ከሳሉ ሥር፣ በጣም ሩቅ የሆነ ሌላ ድምፅ ሰማች።

«ከዚህ ክፍል ለውስጡ ሰው መናገር ይቻላል?»

«በዚህች ቁልፍ» አለ ቀጂው። ድምፁ ሰለለ። «በጆሮ ማዳመጫው ይሰማዋል።»

«ከጆሮው የተረፈውን ደግሞ መቅጃው ይለቅመዋል» አለች። የቅጂ መዝገቡን አየች። ከአራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ እስከ አራት ከአሥራ ሦስት፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተሣሉ ሦስት ኮከቦች አሉ። «ኮከቡ ምንድን ነው?»

«ለ... ላሳቀን ቅጂ ነው።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ወደ ሟቹ ክፍል ሄዳ ከግንባሩ ሥር ያለውን ወረቀት ቀስ ብላ ሳበችና አነበበችው። ከዚያ ልጅቷን ፈልጋ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እሰሩኝ» አለች ልጅቷ።

«ፓፉን ወስደሻል?»

«እሰሩኝ ብያለሁ እኮ።»

«ልጄ፣ ቅድም የአጎትሽን ሳል ሰማሁት።» መርማሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሳቅሁ። ቀጂው ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ተንከትክቼ ሳቅሁ።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ያ ሳል የኔ ነው» አለች። «ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ላለመሄድ እንደዚያ አስል ነበር። እሱ ብቻ ነበር የሚነቃብኝ። ብልጢትን ከኔ ነው የሠራት። ተናድጄ ወጥቼ፣ ስመለስ እያሳለ ደረስኩ። ሊታረቀኝ ብሎ መሰለኝ። ቁልፏን ተጫንኩና...»

«‹አጎቴ፣ ትንሽ ጨምርበት› አልሽው።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ገዳይ ብትባል ይሻላት ነበር። ገዳይ ጠላት ነው፣ ጠላት ቢያንስ ምክንያት አለው። አጎቷ እየሞተ ‹ጨምርበት› ያለች ግን ምን ትባላለች?

ከምሳ በፊት ሦስቱንም በማዳመጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ አንድ ሰው የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ይስቃል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው ቀጂውን።

«የቤቱ ደንብ ነው። በሩ ላይ ቀይ መብራት እየበራ፣ ማለት ድምፅ እየተቀዳ፣ የገባ ሰው የንጉሡን ዘውድ ደፍቶ ይውላል፣ ፎቶ ይነሣል።»

«አንተ ሁለቴ ደፍተሃል። እሷ ሦስቴ። ጋሼም አለበት።» ወደ ባለቤቱ ዞረች። «እርስዎ የሉበትም። ደንቡን ስለሚያከብሩ ነው?»

ባለቤቱ ፈገግ አለ። ቀጂው ነው የመለሰው። «እሳቸው ሲፈልጉ ይገባሉ። ማን ደፍሮ ዘውድ ይጭንባቸዋል?»

«ደህና። ዛሬ በሦስተኛው ደቂቃ፣ ቀይ መብራቱ እየበራ፣ አንድ ሰው ገብቷል። ቀጂው ቢሆን መቅጃውን አቁሞ በቁልፏ ይናገር ነበር። ልጅቷ ገና አልተመለሰችም። የገባው ሰው ወረቀት ይዞ ነው፤ ግርጌው ላይ የታተመበት ሰዓት አለ፣ አራት ከስድስት ደቂቃ። መቅጃው ከተነሣ በኋላ ከእርስዎ ቢሮ የወጣ ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ማቀበል ወንጀል ነው?»

«ቀስ ይበሉ። ከበሩ በፊት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። ፓፍ ተቀምጦ አይንኳኳም፤ የሚንኳኳው ሲወዘውዙት ነው፣ የሚወዘውዙት ደግሞ ሊነፉት ሲሉ። ጋሼ ትንፋሽ አጥሮት ፓፉን እየወዘወዘ ሳለ እርስዎ ገቡ፤ ድምፅ ይረብሻል ብለው ከእጁ ወሰዱት። እሱም የይሉኝታ ሰው ነው። ‹እሺ፣ ይቅርታ› አለ።»

ልጅቷ ወደ ባለቤቱ ዞረች። ባለቤቱ ግን አልተናወጠም። «አላወቅሁም። ሁሉም ሳሉ የጌሙ መስሏቸው አልነበረም? ለምን እኔ ብቻ?»

«አሁን ወደዚያ መጣን» አለችና ሁለት ወረቀት አነሣች። «ይህ ቀጂው ዘንድ ያለው ግልባጭ ነው፤ ብልጢት ታስላለች ይላል። እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው። ይህ ደግሞ ከጋሼ ግንባር ሥር ያነሣሁት፣ እርስዎ ያስገቡት ነው። ሳል የለበትም። ብልጢት ተንበርክካ ትለምናለች እንጂ አታስልም። ሳሉ መሰረዙን በዚህ ቤት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ አንደኛው እየሞተ ነበር።» ወደ ቀጂው ዞረች። «ሦስት ኮከብ የሰጠኸው ማን ስቆ ነው?»

ቀጂው አንገቱን ደፋ። «እኔ ስቄያለሁ። እሷም።»

«እሳቸውስ?»

«አልሳቁም» አለ ቀጂው። ራሱ የተናገረው ገና አሁን የገባው ይመስል ቀስ ብሎ ደገመው። «እዚህ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። አልሳቁም። ጸጥ ሲል ልከፍት ተነሣሁ፤ ‹መብራቱ ቀይ ነው፣ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ ተወው› አሉኝ። ተቀመጥኩ። በኋላ በሩን ስንከፍት ደግሞ፣ ‹ስንስቅበት ነበር ብላችሁ ለእህቱ ልትነግሩ ነው? ማንም አልሰማም በሉ› አሉን። እኛም ከኀፍረታችን ብዛት እሺ አልን።»

«አንድ ቀን እንኳ አክብረውት የማያውቁትን ቀይ መብራት ዛሬ አከበሩት» አለች መርማሪዋ። «ፓፉንም፣ እነዚህ ሁለቱ ሬሳውን ከበው ሲጮሁ፣ ወንበሩ ላይ የተሰቀለው የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ጣሉት።»

«ያሾፈብኝ መስሎኝ ነው» አለ ባለቤቱ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሳሉን ስለሰረዝኩበት፣ በእልህ ያሳለ መሰለኝ።»

«ፓፉ ኪስህ ውስጥ እያለ?» ከዚያች ቃል በኋላ አንቱ አላለችውም።

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ የዚህኛው ድርቀት ግን እስከዚያች ጥያቄ ነበር። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ተንሸራተተ።

«ጠዋት ‹ብልጢትን ይዤ ነገ እወጣለሁ› ብሎኝ ነበር» አለ በለሆሳስ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እሺ ሲለኝ የኖረ ሰው! ልነሣ ብዬ ነበር። ፓፉን ልሰጠው ሁለቴ ልነሣ ብዬ ነበር።» ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

ቀጂው መዝገቡን ስቦ ሦስቱን ኮከቦች ሊሰርዝ እስክሪብቶ አነሣ። መርማሪዋ ማስረጃ ነው ብላ ወሰደችበት። እንዳይሰርዘው መከልከሏ ለእሱ ቅጣት እንደሆነ አይታለች፤ ግን ምን ታድርግ።

የልጅቷ እናት፣ የሟቹ እህት፣ ከጠዋት ጀምሮ ምድር ቤት መግቢያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጅሽ ተጠርጥራለች ከተባለች ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

«እኔ ልንገራት» አለች መርማሪዋ ደረጃው ላይ። «ባለቤቱ ነው ብዬ እነግራታለሁ። ያንቺን ነገር ዛሬ መናገር ግድ አይደለም።»

ልጅቷ ቁልቁል እናቷን አየች። የደረጃውን ብረት ለቅቃ ወረደች። መርማሪዋ ጥቂት ደረጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻት።

«ማን ነው?» አለች እናት።

«ባለቤቱ ነው፣ እማዬ። ፓፉን ወስዶበት ነው።» ልጅቷ ቆማ ነው የምትናገረው። «ግን እኔም ነበርኩ። ሲያስል ሰምቼዋለሁ። የጨዋታ መስሎኝ ስቄበታለሁ። ጨምርበት ብዬዋለሁ።»

እናት መሐረቧን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ሳቅሽን ሰምቶታል?»

«ሰምቶታል።»

ከውጭ መኪና አለፈ።

«ለዘመድ አዝማዱ አንቺው ትነግሪያለሽ» አለች እናት። «ለእያንዳንዱ። ሌላ ሰው ቢነግርልሽ ሐሜት ነው የሚሆነው።»

«እሺ።»

እናት የወንበሩን ጫፍ ይዛ ልትነሣ ሞከረች። ልጅቷ ክንዷን ዘረጋችላት። እናት የተዘረጋውን ክንድ አይታ ቆየች፤ ኋላ ያዘችው፣ ፊቷን ግን ወደ ልጇ አላዞረችም። እንደተያያዙ በሩን አልፈው ወጡ።