በፓርክ ዊል ማሳ የተሠራው ቤት

ሞርወና ወደ ድንጋይ ጠራቢው ደጅ የሄደችው ለባሏ የመቃብር ድንጋይ ልታስጠርብ ነበር። ባሏን የማዕድን ጉድጓድ ከበላው ዓመት አልፎታል።

«የቤተሰብ ስም?» አላት ጠራቢው ቀና ሳይል።

«ፖልግሌዝ።»

«በጥንቱ ቋንቋ ፖል ኩሬ፣ ግሌዝ ሰማያዊ። የሰማያዊ ኩሬ ሰዎች ናችኋ።» ያኔ ቀና አለ። ሲያያት መዶሻው እጁ ላይ ቀረ።

«የእርስዎስ?»

«ዴንዘል ናንካሮ።»

«የአጋዘን ሸለቆ» አለች። «አጋዘን ግን አይመስሉም። በሬ ነው የሚመስሉት።»

ዴንዘል ሳቀ። እሷም ከዓመት በኋላ የራሷን ሳቅ ሰማችና ደነገጠች።

መከር ሲደርስ ትንሿ ልጇ ላቭዴይ ከዴንዘል ትከሻ አልወርድ ብላ ነበር። አንድ እሑድ ሁለቱንም ከመንደሩ ጀርባ ወዳለ ማሳ ወሰዳቸው። ከድንጋይ ካቡ ሥር ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ አቁሟል። «ትሬ-ሞርወና» ይላል፤ የሞርወና መኖሪያ። በዚያ አገር መኖሪያ የሚጠራው በሚያቀናው ሰው ስም ነው። አግቢኝ ለማለት ሌላ ቃል አላስፈለገውም።

እሷ ግን ሰሌዳውን አልነካችም።

«የማሳው ስም ማነው?»

«ፓርክ ዊል ይሉታል።»

«ፓርክ ማሳ፣ ዊል የማዕድን ጉድጓድ። የጥንት ሰዎች ስም በከንቱ አይሰጡም፣ ዴንዘል። ሥራው ሲያልቅ የጉድጓዱን አፍ በእንጨት ከድነው አፈር ያለብሱታል። እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል። ልጄን እዚህ አላስተኛም።»

«ቆፍሬ አይቻለሁ፣ አለት ነው። ደግሞ እዚህ አገር ዊል ያልተባለ የት አለ?» ድምፁ ወረደ። «እውነቱን ንገሪኝ። ስሙን በእጄ የጠረብኩለት ሰው ነው አይደል? ዛሬም የእሱ ሚስት ነሽ።»

«አይደለም» ማለት ነበረባት። ግን የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።

ዴንዘል በእልህ እዚያው ማሳ ላይ የቤቱን ግድግዳ አቆመ። እሷ በመስኮት ታየዋለች። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ለነገ ታሳድራለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘነበ።

ሐሙስ ጠዋት ሻርፗን ደርባ ወጣች። ሌላ ማሳ ፈልግ፣ ጎጆም ቢሆን እመጣለሁ ልትለው ነበር። ማሳው በር ላይ ጎረቤቶች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«አትቅረቢ፣ እህቴ» አላት አንዱ ሽማግሌ። «መሬቱ ተከፈተ። ቤቱንም እሱንም ይዞ ወረደ።»

ሬሳውን በገመድ ያወጡት በሦስተኛው ቀን ነው።

ሰሌዳው ካቡን ተደግፎ ቀርቶ ነበር፣ ጭረት እንኳ አልነካውም። ተሸክማ ወደ ሌላ ጠራቢ ወሰደችው።

«ጀርባውን ጥረብልኝ። ትሬ-ዴንዘል በልልኝ።»

«ሟች ምን መኖሪያ አለውና?»

«እኔ ያለሁበት።»

ሰሌዳው ከበሯ በላይ ተሰቀለ። የእሱ ስም ወደ መንገዱ ያያል፤ የእሷ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም። ላቭዴይ አንዳንዴ ትጠይቃለች፦

«እማ፣ የዴንዘል ቤት የት ሄደ?»

«ነይ ግቢ፣ ልጄ» ትላታለች ሞርወና። «እሱ ውስጥ ነን።»