የሌለው ጉድጓድ

አሰልጣኝ አዛናው ከሽንፋ ድልድይ ሥር፣ ደረቅ ቋጥኝ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ሞቷል። ሰገነት ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ታየዋለች። ብስክሌት በቡድን መንዳት ከጀመረች ገና ወሯ ነው፤ «ጎማውን ነክታ የጣለችው እሷ ናት» የሚለው ወሬ ግን ከሬሳው ቀድሞ ከተማ ገብቷል። ይባስ ብሎ እሷም ራሷን ጠርጥራለች።

ኢንስፔክተር አባይነሽ ሬሳውን አገላብጠው አይተው ወደ ድልድዩ ወጡ።

«ንገሪኝ እስቲ ልጄ።»

«ነፋሱን እንዲሰብርልኝ ከኋላው ተጠግቼ ነበር። ‹ቀና በይ፣ ከእኔ ወዲያ እይ› እያለ ሁሌ ይቆጣኛል፤ ጎማው ካመለጠኝ ግን የምወድቅ ይመስለኛል።»

«ከእሱ ፊትስ ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ። ጎማውን ብቻ ነው ያየሁ።»

«በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ከዚያስ?»

«በግራ እጁ ወደ መሬት ጠቆመ፤ በግራ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አለና ጠፋ። እኔም ፍሬን ይዤ ወደቅሁ።»

የቡድን ጓደኛዋ ቢሻው ፊቱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። «ደክሞኝ ከኩርባው ወዲያ ቀርቼ ነበር» አለ።

«እኔ ከሰገነት ኋላ ነበርሁ» አለ ሌላው የቡድኑ ብስክሌተኛ፣ ዋለ። «ጎማዋ ከጎማው ሲጋጭ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«በመካከላችሁ ጠብ ነበር?»

ቢሻው አመነታ። «አሰልጣኙ ባለማርሿን ብስክሌት ከዋለ ወስዶ ለሰገነት ሊሰጥ ነበር። ያለችን እሷው ብቻ ናት። ሰገነት ደግሞ ፈጥናለች።»

«ብስክሌት እንጂ ሚስት አልቀማኝ!» ብሎ ዋለ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው።

«ሌሊቱን ዘንቧል። ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ ጭቃውን የሚተፋው በተከታዩ ላይ ነው። ሰገነትና ቢሻው ደረታቸው ጭቃ ነው፤ ተከትለዋል። አዛናው የወደቀው ደረቅ ድንጋይ ላይ፣ ያውም በጀርባው ነው። ሆኖም ፊቱና ደረቱ በጭቃ ተለብጧል። እሱም ሰው ይከተል ነበር።»

የሁሉም ዓይን ዋለ ላይ አረፈ። ጀርባው ጨቅይቷል፤ የማሊያው ደረት ግን ጭቃ አልነካውም።

«በግራ በኩል ጉድጓድ የለም» ቀጠሉ ኢንስፔክተሯ። «የተሰበረው የቀኙ የድልድይ አጥር ነው። መሪ ሲጠቁም ተከታዩ ተቀብሎ ለኋለኛው ያስተላልፋል። አዛናውም የተቀበለውን አስተላለፈ። ስብራቱን ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ ዋለ። የሌለ ጉድጓድ ጠቆምህ፤ እሱ ጭቃ በዓይኑ እየገባ አንተን አመነ። ይቺ ልጅ ወድቃ ሳለች ዞረህ ከኋላዋ ቆምህ።»

«ብስክሌቷ የእኔ ናት!» ብሎ ዋለ ጮኸ። ፖሊሶቹ ያዙት።

ሰገነት መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አሰልጣኙን አልገደለችውም። እሱ ግን አሁንም ሞቷል።

ሲመለሱ ቢሻው ወደ ፊት አላልፍም አለ። ሰገነት መራች፤ ቀና ስትል ከፊቷ ጎማ የለም፣ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

«ሰገነት» አለ ቢሻው ከኋላዋ። «ጉድጓድ ካለ ጠቁሚኝ።»

ጥቂት እንደሄዱ ግራ እጇን ዘረጋች። ጉድጓዱም ነበረ።