ባዶውን የተመለሰ ድስት

ጥሩነህ የሞተው በራሱ የሸራ ጀልባ ውስጥ፣ በራሱ አልጋ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ነው። ጀልባዋ «እምቢታ» ትባላለች። የቶሮንቶን ብርድ ሸሽታ በካሪቢያን ደሴቶች መካከል ስትዞር ከርማ፣ ሙቀት ሲመጣ ተመልሳ ኢቶቢኮ በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ሐይቁ ላይ ታስራ ነበር። ሬሳው ሲመረመር ይወስደው የነበረው የልብ መድኃኒት በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሆዱ ውስጥ የተገኘው የመጨረሻ ምግብ ደግሞ የኩልሱም የዓሣ ወጥ ነው። ከዚህ በኋላ የቶሮንቶ ሐበሻ ፖሊስም ዳኛም አላስፈለገው፤ ዳንፎርዝ ጎዳና ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ በአንድ ማኪያቶ ፈረደ።

ኩልሱም ግን አንገቷን አልደፋችም። ዳንፎርዝ ላይ ባለው ምግብ ቤቷ መስታወት «ዛሬም የዓሣ ወጥ አለ» ብላ በትልቁ ለጠፈች። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ዝር አላለም። ሰው አልበላም ካለ ብላ እሷው በላችውና፣ በማግስቱ ድስቷን ታቅፋ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ወጣች፤ ጸሐይወርቅ ቤት።

ጸሐይወርቅ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሰዎችን አሟሟት ስትመረምር ኖራለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ እንኳ ከማልቀሷ በፊት ዙሪያውን ታያለች ብለው የሚያሟት አሉ። ሐሜቱ እውነት ነው።

«እትዬ፣ ሰው ገድለሻል ተብያለሁ» አለች ኩልሱም ገና ከበሩ።

«ገድለሻል?»

«የኔ ምግብ ሰው ያጠግባል እንጂ አይገድልም!»

«የጠየቅኩሽ ስለ ምግቡ አይደለም።»

«አልገደልኩም።»

«እንግዲያው ግቢ።»

ኩልሱም ተቀምጣ ነገሩን ከሥሩ ተናገረች። ሐሙስ ጀልባዋ ላይ አራት ሆነው ራት በሉ፦ ጥሩነህ፣ ከእሱ ጋር ደሴቶቹን የዞሩት ባልቻና ጽዮን፣ እንዲሁም ባሕር ረግጣ የማታውቀው ኩልሱም። ወጡን ያመጣችው እሷ ነች። አራቱም ከአንድ ድስት በሉ፤ አንድም ሰው ሆዱን አላመመውም። የተረፈውን ለጥሩነህ ቁርስ ትታለት ወጣች። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጽዮን ልትጠይቀው ብትመጣ ሞቶ አገኘችው።

«ድስቱን መቼ ወሰድሽው?»

«አልወሰድኩም! ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ጓሮ በሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ታጥቦ፣ ባዶውን። ጥሩነህ ድስት ባዶውን መልሶ አያውቅም እትዬ። ሎሚም ቢሆን፣ ከደሴቶቹ ያመጣው የገውዝ ቅመምም ቢሆን፣ የሆነ ነገር ጣል ያደርግበታል። ሰው ልኮ መመለሱ ነው ብዬ ተቀየምኩትና መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። ለካ ሙት ኖሯል የተቀየምኩት።»

«ፖሊስስ ምን አለ?»

«ጆኒ የሚሉት ልጅ ድስቱን ወስዶ ቴስት አስደረገ። ምንም የለበትም ብሎ መለሰልኝና ‹ለምን አጠብሽው?› ይለኛል። ሎየር ያዢ አለኝ። እትዬ፣ ሃያ ዓመት ሰው አብልቼ ስሜ መርዝ ሆኖ ከሚቀር ብታሠር ይሻለኛል። ግን ሁለቱንም አልቀበልም!»

ጸሐይወርቅ ድስቱን ገልብጣ መስኮት ዳር ወሰደችው። እጀታው ከብረቱ በተጣበቀበት ስንጥቅ ውስጥ ክር የመሰለ የደረቀ አረንጓዴ ነገር ነበር። በመርፌ ጫፍ አወጣችውና ነጭ ወረቀት ላይ አኖረችው።

«ጎመን ነው?»

«ጎመን? በዓሣ ወጥ?» ኩልሱም በግድያ ከመጠርጠሯ ይልቅ በዚህ ተቆጣች። «እትዬ፣ እርስዎም ይሰድቡኛል?»

«ተይው። ምን እንደሆነ የሚነግረን ሌላ ሰው ነው» አለች ጸሐይወርቅ፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጀልባዋን ያሳየቻት ጽዮን ነች። ጽዮን ነርስ ናት፤ የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ፣ ከሥራዋም አስፈቅዳ ነበር ባሕር የወጣችው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ደሴቶቹ ጋ እንዴት ነበር ኑሯችሁ?» አለቻት ጸሐይወርቅ።

«እማማ፣ ሕልም ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የሁሉም ጀልባ ሰው አንዱ ጋ ይሰበሰባል። ፈረንሳዮቹ ዳቦ፣ ብራዚሎቹ ባቄላ፣ እኛ ሽሮ ይዘን እንሄዳለን። የጥሩነህን ሽሮ ያልቀመሰ መርከበኛ አልነበረም። ድስት ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ይቺን ሕግ ሁሉንም ያስተማራቸው እሱ ነው።»

«ውኃ አላስቸገራችሁም?»

«ንጹሕ ውኃማ እንደ መድኃኒት ነው የሚለካው። ገላም ዕቃም በባሕር ውኃ ነው።»

ጸሐይወርቅ ጎንበስ ብላ አየች። ከጀልባዋ ጎን ሐይቁ ላይ ክር ክር የሚል አረንጓዴ የውኃ ሣር ተንሳፏል። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ጀልባዎቹ የታሰሩበት የእንጨት መተላለፊያ ላይ የቧንቧ ውኃ አለ። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ ወደ ፊተኛው ጫፏ፣ ሄደች፤ ሰማያዊው ቀለም እዚያ ላይ ብቻ አዲስ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነካት?»

«ከደሴቶቹ አንዷ አጠገብ ስናልፍ ተንሳፋፊ ግንድ ነው የመታት። ጨለማ ነበር፤ እኔና ጥሩነህ ተኝተናል፣ ባልቻ ነበር ተረኛው። ቀለሙን ጥሩነህ ነው ሰሞኑን የቀባው። ፍቆ ከቀባት በኋላ ግን ዝም ዝም ይል ጀመር፤ ምን እንደነካው እንጃ።»

ባልቻ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከጥሩነህ ጋር በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፤ አብረው ተሰደዱ፣ አብረው አረጁ። ጸሐይወርቅን በአክብሮት ተቀበላት፤ ወንበርም ጎትቶ ሰጣት።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» አለ፣ «ነገሩ ግልጽ ነው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። ሴትየዋ ልቧ ከጥሩነህ ጋ ነበር። እሱ ደግሞ ሐሙስ ራት ላይ ‹ወደ ደሴቷ እመለሳለሁ፤ ፊት ለፊት የማናግራት ሴት አለችብኝ› አለ። የኩልሱምን ፊት ቢያዩት!»

«ከራቱ በኋላ ጀልባዋ ጋ ሄደው ያውቃሉ?»

«አልረገጥኳትም። ዓርብ ቤቴ ነው የዋልኩት።»

«ጥሩነህ ስለ ደሴቷ ሴት ሌላ ምን ነገረዎት?»

«ምን ይለኛል? የወንድ ነገር ነው» አለና ሳቀ። ጸሐይወርቅ አብራው ፈገግ አለች፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ ስልኳን አነሣች። ጀልባዋ በተመታችበት ደሴት ያለ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ስልክ እስኪያነሣ ድረስ ደጋግማ ደወለች። ቀጥላም ለጆኒ ደወለችለት።

«እማማ፣ ይሄ ኬዝ ኦልሞስት ክሎዝድ ነው» አላት ጆኒ። ቶሮንቶ ያደገ ወጣት መርማሪ ነው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ ምላሱ ላይ ብዙ አይራመድለትም።

«ኦልሞስት፣ ‹ሊዘጋ ጥቂት የቀረው› ያልከው እሱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። እሑድ ምሳ ጀልባዋ ላይ ነን። ከድስቱ እጀታ ያገኘሁትን ሣር እልክልሃለሁ፤ አስመርምረህ፣ ሆድህን ባዶ አድርገህ ና።»

እሑድ ቀን ፀሐዩ ደህና ነበር። ጽዮን ሰላጣ፣ ባልቻ ዳቦ ይዘው መጡ። ኩልሱም ያመጣችው የዓሣ ወጥ ነው፤ ያውም በዚያው ድስት። ጆኒ ማንኪያውን ይዞ ሲያመነታ አየችው።

«ምነው፣ ፈራህ?»

«ኖ፣ እኔ... ቁርስ በልቻለሁ።»

ኩልሱም ከሁሉ ፊት ትልቅ ቁራጭ አነሣችና ዋጠች። «ያልበላ የራሱ ጉዳይ!» አለች። ጸሐይወርቅ ተከትላ በላች፤ ከዚያ ሁሉም በሉ። ጆኒም ሁለቴ ጨመረ።

ሲጨርሱ ጸሐይወርቅ እጇን እየጠረገች፣ «የሠራች አታጥብም፤ ጆኒም እንግዳ ነው። ጽዮን፣ አቶ ባልቻ፣ ዕቃውን ተካፈሉልን» አለች።

ጽዮን ሳህኖቹን ደርባ ወደ ቧንቧው ወረደች። ባልቻ ስለ ሰሞኑ ነፋስ ለጆኒ እያወራ ድስቱን አነሣ፤ ወሬውን ሳያቋርጥ ባልዲውን በገመዱ ወደ ሐይቁ ጣለው፣ ስቦ አወጣና ድስቱን ማለቅለቅ ጀመረ። የሁሉም ዓይን ባልዲው ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለው።

«ቧንቧው እዚያ ነው አቶ ባልቻ» አለች ጸሐይወርቅ።

«ልማድ ነው እቴ! ስንት ወር ሙሉ በባልዲ ሳጥብ ከርሜ...»

«አዎ። ዕቃ አጣቢው እርስዎ ነበሩ። ጆኒ፣ የዚያን ሣር ነገር ንገራቸው።»

«ሣሩ የዚህ ሐይቅ ነው» አለ ጆኒ። «ከዚህ ከጀልባው ሥር ከወሰድነው ጋር ሴም ነው፤ አንድ ነው።»

«ስሙኝ እንግዲህ» አለች ጸሐይወርቅ። «ድስቱን ያጠበችው ኩልሱም ብትሆን ምግብ ቤቷ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶላታል፤ ድስቷን ዝቃጭ ውስጥ የምትነክርበት ምክንያት የላትም። ቧንቧ አጠገቡ እያለ ባልዲ የሚጥል፣ ደሴቶቹ ጋ ከርሞ እጁ የለመደ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከሦስት አንድ ነው።»

«ጥሩነህስ? ራሱ አጥቦት ቢሆንስ?» አለ ባልቻ።

«ይሁን። ዳንፎርዝ ድረስ ማን ወሰደው? ጥሩነህ የላከው ቢሆን ባዶውን አይልከውም። ቅን ሰው ያደረሰው ቢሆን ደግሞ ኩልሱም ላይ ጣት ሲቀሰር ‹ያመጣሁት እኔ ነኝ› ባለ ነበር። ያመጣው ሰው ዝም ያለው፣ ዝምታው እሷን ስለሚያስጠረጥርለት ነው። ጽዮን ከንጋት ጀምሮ እዚህ እስክትመጣ ድረስ ሆስፒታል ነበረች፤ ጆኒ አረጋግጧል። ማን ቀረ?»

«ልማድ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ወንጀሉ እዚያ ጋ ነው» አለች፤ በጣቷም የጀልባዋን አፍንጫ አመለከተች። «ጥሩነህ ፊት ለፊት ሊያናግራት የፈለጋት ሴት ፍቅረኛው አይደለችም። የደሴቷ ፖሊስ እንደነገረኝ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት። ‹እምቢታ› ባለፈችበት ሌሊት ዓሣ አጥማጅ ልጇ ከነታንኳው ጠፍቶባታል። ታንኳው ቀይ ነበር። ጥሩነህ ሊቀባ ሲፍቅ ምን ዓይነት ቀለም አገኘ አቶ ባልቻ?»

ጽዮን ከቧንቧው ሮጣ መጣች። «ግንድ ነው ብለኸን ነበር!»

ባልቻ ባልዲውን አስቀመጠ።

«እንቅልፍ ጣለኝ» አለ። «ስባንን ጩኸት ሰማሁ፤ ጨለማ ነው፣ ማዕበሉ ከባድ ነው... ዝም አልኩ። ጥሩነህ ቀዩን ቀለም ሲያገኝ እግሩ ሥር ወደቅኩ። ልጁ ላይመለስ ለምን ታሳስረኛለህ አልኩት። ዓርብ ጠዋትም መጥቼ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ቁርሱን እኔ አሞቅኩለት... መድኃኒቱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። የኩልሱም በርበሬ ምን ጣዕም ያስለያል? ጓደኛዬን! ወንድሜን!»

«ወንድምህን አትበለው!» አለች ኩልሱም ተነሥታ። «እሱን ገደልከው፤ እኔን ደግሞ በቁሜ ልትቀብረኝ ድስቴን ደጃፌ ላይ አስቀመጥክ። ሃያ ዓመት ከእጄ በልተሃል። አላፈርክም?»

ጆኒ ባልቻን በካቴና አስሮ ውጭ ለሚጠብቁት ፖሊሶች አስረከበው። ሲመለስ ኩልሱም ፊት ቆመና አማርኛ አፈላልጎ፣ «ሶሪ። አሁን ነጻ ነሽ» አላት።

«ድሮም ነኝ። አንተ አሁን አወቅክ እንጂ» አለችው። ከዚያ ወደ ጸሐይወርቅ ዞረች። «ያቺ እናት፣ ልጇ እንዴት እንደሞተ ማን ይነግራታል?»

«እኛ ኢሜይል እናደርጋለን» አለ ጆኒ። «የደሴቷ ፖሊስ ኮል ያደርግላታል።»

«ኮል?» ኩልሱም ጮኸች። «ለእናት መርዶ በስልክ? ሰው አጠገቧ ሳይቀመጥ፣ የሚይዛት ሳይኖር? ጥሩነህ የሞተው እኮ ፊት ለፊት ካልነገርኳት እምቢ ብሎ ነው!»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት ጽዮን። «አንቺ እንኳን ደሴት፣ እዚህ ሐይቅ ላይም ያዞርሻል።»

«በአውሮፕላን እሄዳለሁ። ቢያዞረኝም እሄዳለሁ። ቋንቋውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ነገ ሥራ ቦታሽ ተናገሪና ተነሺ።»

ጽዮን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምግብ ቤትሽስ?» አለች ጸሐይወርቅ። «ይኼ ሁሉ ሰው ነገ ይቅርታ ሊል ተሰልፎ ይመጣል።»

«እነሱ ሊያዘጉኝ ሲሉ አልዘጋሁም። አሁን እኔ ልዝጋባቸው» አለች ኩልሱም። «ይቅርታቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኝ። እኔ ለቅሶ አለብኝ።»